ዜና ለሌላቸው እንጸልይ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ በማስቲካ የውበት ሳሎን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የሳሎኑ ባለቤት ማስቲካ፣ ፍሪጅ ጠጋኙ በረዶና የመኪና መንዳት አስተማሪው ፍሬኑ። አራተኛ ሰው ከተባለች፣ ፊቷን ነጭ ክሬም ተለስና፣ ጸጉሩ በቢጎዲን የተጠቀለለ ጭንቅላቷን በማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ የተቀመጠች አንዲት ደንበኛ ነበረች። እሷ ግን ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ የሚባለውን አትሰማም ነበር። ሦስቱም ያሰቡት እንደዚያ ነው።

«ዜና አምጡ» አለች ማስቲካ፣ የምታኝከውን ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ እያዞረች። «ዜና የሚቀበሉት የኮሌጇ ሲስተር ዛሬ ማታ በራቸውን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ያላችሁን ዜና ለድመት ንገሩ።»

«ዜና ቢኖረኝ እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?» አለ ፍሬኑ። ድምፁ እንደ ልማዱ ቀጭን ነበር፤ ሰው ሲያየው ይበልጥ ይቀጥናል።

ሦስቱ የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው። ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ካለችው ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ፍልስፍና ተምረው የወጡ። ሲገቡ ብዙ ነበሩ። ግማሹ ሎጂክ የሚባለውን ትምህርት ሲያይ ወደ ሒሳብ አያያዝ ኮበለለ፤ ሌላው አገባ፤ ጥቂቱም ካህን እሆናለሁ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። በምርቃቱ ቀን ጋውን ለብሰው የወጡት እነዚህ ሦስት ብቻ ነበሩ። ፎቶ አንሺው ሌሎቹ እስኪመጡ ብሎ ካሜራውን አንግቶ ብዙ ጠበቀ ይባላል።

ኮሌጇ ትንሽ ትሁን እንጂ ወሬዋ ትንሽ አይደለም። በየዓመቱ የቀድሞ ተማሪዎቿን ዜና ታሳትማለች፤ ከመታተሙ በፊት ደግሞ በዜናው ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጸሎት ቤቷ ውስጥ ክፍል በክፍል ይነበባል። እገሌ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እገሊት ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። እገሌ በራሱ ወጪ የግጥም መጽሐፍ አሳተመ፤ የሚፈልግ ከራሱ ይውሰድ፣ ብዙ አለው። ከእነሱ አንድ ዓመት ቀድማ የወጣች አንዲት ሴት በየዓመቱ ትወልዳለች፤ ክፍሏ በሙሉ የሚኖረው በእሷ ማኅፀን ነው። አንድ ዓመት ሳትወልድ ብትቀር ጓደኞቿ ተሰብስበው ሊመክሯት ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ።

ምክንያት አላቸው። ዜና ያላመጣ ክፍል ይጸለይለታል።

ይህን ያመጡት የኮሌጇ አለቃ አባ ናቸው። ዜና የሌለው ክፍል በዝምታ ቢታለፍ ቅር ይለዋል ብለው፣ ከንባቡ መጨረሻ ላይ «ዜና ለሌላቸው እንጸልይ» ይላሉ፤ ጉባኤውም ይንበረከካል። ይህ ጸሎት የሚመጣው ከሕሙማንና በባሕር ላይ ካሉ መንገደኞች ቀጥሎ፣ ከሙታን ነፍስ በፊት ነው። የሦስቱ ክፍል ከተመረቀ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ከጸሎቱ ማግሥት አንዲት እናት ሙዝና ብርቱካን ይዘው ፍሬኑን ሊጠይቁ መጡ። «አሞህ ነው አይደል ልጄ?» አሉት። ደኅና ነኝ ቢል አላመኑትም። ሙዙን ተቀበለ።

እስካሁን ይህ ሁሉ የሚሳቅበት ነገር ነበር። ዘንድሮ ግን ፍሬኑ ሚስት ሊያገባ ነው፤ ወይም ላያገባ ነው።

የወደዳት ከገበያው ጀርባ ባለው ትልቁ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ፋርማሲስት ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። የእሱ ሥራ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ በእሱ በኩል የተተከለችውን ሁለተኛ ፍሬን መርገጥ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። ልማድ ሆኖበት ሶፋ ላይም ሲቀመጥ፣ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራው እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። እሷን ሲያስተምር ግን አንድም ቀን አልረገጠም። ፈርቶ አይደለም፤ እግሩ ረስቶት ነው። መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ቀን «አሁን ሌላ ነገር አስተምረኝ» አለችው። እሱ የጎማ አቀያየር አስተማራት። ቀሪውን እሷ ነች የጀመረችው።

እንግዲህ ጫማውን አስጠርጎ፣ አባቷን ሊያነጋግር ሄደ። አባቷ የኮሌጇ ጸሎት ቤት ኦርጋኒስት ናቸው። የሚመቱት ዜማ በጣም ዝግ ያለ ከመሆኑ የተነሣ፣ በእሳቸው ኦርጋን የገባች ሙሽራ መሠዊያው ጋ ስትደርስ ሐሳቧን ለመለወጥ በቂ ጊዜ ነበራት ይባላል። አንዷም ለውጣለች። ሳሎናቸው ውስጥ ፍሬኑን ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ልጃቸው ሻይ ቀድታለት፣ እሳቸው የራሳቸውን ሻይ እስኪቀዘቅዝ አማሰሉ።

«አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ሥራህን አልጠላሁም። ጠባይህን አልጠላሁም። ግን እኔ በየዓመቱ ከሰገነት ላይ ሆኜ፣ ለአንተ ሲጸለይ ኦርጋን እመታለሁ። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ልጄን ልስጥህና፣ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ ተንበርክኮ ለአማቼ ይጸልይ? እኔው በገዛ እጄ ላጅበው? ቃሌን ልስጥህ። ክፍላችሁ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልወደቀ አንድ ዜና፣ አንድ ብቻ ያምጣ። የማንኛችሁም ይሁን። ያን ቀን ተነሥቼ ሠርግህ ላይ እኔ ራሴ እመታለሁ። ካልሆነ ግን መድኃኒት ስትፈልግ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ሂድ።»

የፍሬኑ እግር የእሳቸውን ምንጣፍ ሲረግጥ ነበር። አዩት። 

ሦስት ጊዜ መጠራት የሚባለው ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ምሩቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ኃላፊ ሆንኩ ብሎ ልኮ ታተመለት፤ በኋላ አባ ራሳቸው ሊሳፈሩ ሲሄዱ ሻንጣቸውን የመዘነው እሱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አባ ዜናውን ሁሉ እንደ ጋብቻ አደረጉት። ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ስም ሦስት እሑድ እየተጠራ «እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር» እንደሚባለው፣ ዜናም ሦስት እሑድ ይጠራል። ሦስተኛው እሑድ የዜናው ቀን ነው። በመሀል አንድ ሰው ተነሥቶ እውነት አይደለም ካለና ካስረዳ ዜናው ወደቀ ማለት ነው። ከተማው በሙሉ፣ ያልተማረውም ጭምር፣ በእነዚያ እሑዶች ቅዳሴ አይቀርም። የወደቀ ዜና ማየት ደስ ይላል።

«ስንት አስተማሪ ናችሁ?» አለ በረዶ፣ ያን ቅዳሜ፣ ሳሎኑ ውስጥ። ነጭ ካፖርት ለብሶ ስለሚዞር የማያውቁት ሐኪም ይሉታል፤ እሱም አይከለክላቸውም።

«ሁለት። እኔና የማሠልጠኛው ባለቤት።»

«እሱ ስንተኛ ነው?»

«አንደኛ ነዋ።»

«አንተስ?»

«ያው... ሁለተኛ።»

«ከአንደኛው ቀጥሎ ያለው ሰው ምን ይባላል?» በረዶ እጁን ዘረጋ። «ምክትል! ወንድሜ፣ ለዚህ እኮ ነው ሎጂክ የተማርነው።»

«ማንም አልሾመኝም።»

«አንተን ማን ይሹምህ? ሁለት ሰው ብቻ ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹመት በራሱ ነው የሚመጣው።»

ማስቲካ ሳቀች። «ለመጠባበቂያ የአንተንም ጨምር። የጳጳሱን ፍሪጅ ሠርቻለሁ እያልክ ስትፎክር አልነበር?»

«ሠርቻለሁ!»

«ይቀዘቅዛል?»

«ከዚያ ስወጣ ይቀዘቅዝ ነበር።»

«አንቺስ?» አላት ፍሬኑ። «አንቺ ለምን አንድ ነገር አትልኪም?»

«እኔ ዜና የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም» አለች። «ሥራ አለኝ፣ ቤቴ ሰላም ነው፣ ጥርሴ ሙሉ ነው። ይጸለይልኝ! በነጻ ነው። የምሞተው ለአንተ ነው እንጂ ለእኔማ...» ካስኩ ስር ያለችው ደንበኛ ተንቀሳቀሰች። ማስቲካ ሄዳ ሙቀቱን ቀነሰችላትና ተመለሰች።

ማታ ሁለት ዜና ለሲስተሯ ደረሰ።

በመጀመሪያው እሑድ ጸሎት ቤቷ ጢም ብላ ነበር። አባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ዜናዎቹን ጠሩ። የባንኩ አለፈ። ልጅ የወለደችው ሴት ዜናም አለፈ፤ ማስረጃዋ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። ከዚያ «የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ምክትል ዋና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ» ሲሉ ፍሬኑ አንገቱን ደፋ። እግሩ ከፊቱ ያለውን መንበርከኪያ እንጨት ተጭኖ ነበር።

«እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር።»

«እኔ አውቃለሁ!»

ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ወይዘሮ ተነሡ። ጸጉራቸው እንዴት ያለ ጸጉር ነው! ተጠቅልሎ፣ ተነፍቶ፣ ጥቅሉ ሁሉ እንደ ወታደር ቦታ ቦታውን ይዞ ቆሟል። ማስቲካ ከኋላ የገዛ እጇን ሥራ ስታይ አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠችው።

«ማሠልጠኛው የባለቤቴ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ምክትል የለውም። ምክትሉ እኔ ነኝ። ይሄ ዜና ትናንት ጸጉር ቤት ውስጥ ሲፈበረክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካስክ ውስጥ ሆኜ።»

«ካስክ ውስጥ ይሰማል እንዴ?» አሉ አባ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

«አባ፣ ሁሉም ነገር ይሰማል። እኔ ለጸጉሬ ብቻ ነው እንዴ በየቅዳሜው የምሄደው?»

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዜናው ወደቀ።  ከሰገነቱ ላይ ኦርጋኒስቱ የመጨረሻውን መዝሙር ጀመሩ፤ ከወትሮው ይልቅ ዝግ አደረጉት። ሰኞ ጧት የማሠልጠኛው ባለቤት ፍሬኑን አላባረረውም፤ ግን ቀኑን ሙሉ «ጌታዬ ምክትል» እያለ ሲጠራው ዋለ።

የቀረው የበረዶ ዜና ነው። «የጳጳሱን መኖሪያ የማቀዝቀዣ ሥርዓት አደሱ» የሚለው በመጀመሪያው እሑድ ያለ አንዳች ኮሽታ አልፎ ነበር። በረዶ ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ዞረ። ፍሬኑም ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ጀመረ። ሁለቱም ያላወቁት፣ የጳጳሱ ወጥ ቤት በመጀመሪያው እሑድ ጉንፋን ይዟቸው መቅረታቸውን ነው።

በሁለተኛው እሑድ ድነው መጡ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ሲነሡ አግዳሚ ወንበሩ ይጮኻል።

«የማቀዝቀዣ ሥርዓት?» አሉ። «የማቀዝቀዣ ሥርዓት! አባ፣ እኔ በመሠዊያው ፊት መማል አልወድም፤ ግን ያ ፍሪጅ ይሄ ልጅ ከነካው ወዲህ ያሞቃል። ያሞቃል ነው የምልዎት! ቅቤ አስገብቼ ዘይት ነው የማወጣው። ክቡርነታቸው ጳጳሱ እርጎ ሲጠጡ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ቅዱስ ሰው ስለሆኑ አይናገሩም።»

«ጋዙ ነው!» ብሎ ጮኸ በረዶ ከኋላ። «ኮምፕረሰሩ ደኅና ነው፣ ጋዙ ብቻ ነው!»

«ጋዙን እኔ ልሙላልህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ የተባለውን በሳቁ ብዛት የሰማ የለም።

ፍሬኑ ዓይኑን ወደ ሰገነቱ አነሣ። ኦርጋኒስቱ ከላይ ሆነው ያዩታል። አልሳቁም። ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁና ወደ ኦርጋናቸው ዞሩ።  የቀረው የዜናው ቀን ብቻ ነው፤ አዲስ ዜና ቢገኝ እንኳ ሦስት ጊዜ የሚጠራበት እሑድ የለም።

ረቡዕ ቀን ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። ተራ ይዞ ቆመ፤ ምንም የሚገዛው ነገር አልነበረም፤ ግን ተራ ሳይዙ መግባት አይችልበትም። ከፊቱ ያሉ ሽማግሌ ስለ ሆድ ድርቀታቸው በዝርዝር አስረድተው ሲጨርሱ ደረሰው።

«ምን ልስጥህ?» አለችው ፋርማሲስቷ፣ ነጩን ሽርጥ እንደለበሰች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት።»

«ለእሱ መድኃኒት የለንም። ሌላስ?»

«አባትሽ ቃላቸውን አይለውጡም። እኔም ዜና የለኝም። እሑድ ይጸለይልኛል፣ እሳቸው ይመታሉ፣ አለቀ።»

ባንኮኒውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከእሱ ኋላ የቆመች ሴት ጆሮዋን ቀስራ ቀረብ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ዜና የሚያመጣው ተመራቂው ራሱ ብቻ ነው?»

«አይደለም፤ ዘመድም ማምጣት ይችላል። እናቶች ናቸው እኮ አብዛኛውን የሚያመጡት።»

«ሦስት ጊዜ መጠራቱስ? የግድ በሦስት እሑድ ነው?»

«ከባድ ምክንያት ካለ አባ ማሳጠር ይችላሉ። እንደ ጋብቻው ነው። አንድ ጊዜ ሊሞት የተቃረበ ሰው ጡረታ ወጣ ብለው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠርተውለታል። ሰውየው እስከ ዛሬ አልሞተም።»

«ጥሩ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እግርህን አየሁት» አለችው። ቀኝ እግሩ ባንኮኒውን ገፍቶ ይዞ ነበር። «አንሣው። እኔ ስነዳ አትረግጥም ነበር።»

እግሩን አነሣ። ከኋላው የቆመችው ሴት «ሂድ ስትልህ ሂዳ!» ብላ በክርኗ ገፋችው።

ፋርማሲስቷ ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ሄደች። አባ የአትክልት ቦታቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘቻቸው።

«ለመሆኑ የልጁ ዘመዱ ነሽ?» አሉ፣ ሰምተው ሲጨርሱ።

«እሆናለሁ።»

«ከባዱ ምክንያትሽስ ምንድን ነው?»

«አባቴ ናቸው። ከእሳቸው የከበደ ያውቃሉ?»

አባ ቧንቧውን እንደያዙ ቆመው አሰቡ። ኦርጋኒስቱን ያውቋቸዋል። በእሳቸው ኦርጋን ምክንያት አንድም ቀን ምሳቸውን በሰዓቱ በልተው አያውቁም። «ከባድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አዎ፤ ከባድ ነው።»

የዜናው ቀን ደረሰ። ሰው ከበር ውጭ ድረስ ቆመ። ፍሬኑ፣ በረዶና ማስቲካ ከኋላ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ነበር። ፋርማሲስቷ ከፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ዞር ብላ አላየችውም። አባ ክፍል በክፍል አነበቡ። ባንኩ ተጨበጨበለት። ገጣሚው መጽሐፎቹን በር ላይ ማስቀመጡን አስታወሰ። ሕፃኑ አለቀሰ። በመጨረሻ የእነሱ ክፍል ተራ ደረሰ፤ ሕዝቡም አባ አፋቸውን ሳይከፍቱ በልማድ ወደ ጉልበቱ ወረደ። ጸሎት ቤቷ በሙሉ ተንኳኳች። ከሰገነቱም የጸሎቱ ዜማ በዝግታ ጀመረ።

«ተነሡ!» አሉ አባ። «ማን ተንበርከኩ አላችሁ? ዘንድሮ ዜና አላቸው።»

ኦርጋኑ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሕዝቡ ተነሣ። በረዶ ወደ ማስቲካ አየ፤ ማስቲካ ወደ ፍሬኑ አየች፤ ፍሬኑ ወደ ጫማው አየ።

«ከዚህ ክፍል የወጣው የመኪና መንዳት አስተማሪ» ብለው አነበቡ አባ፣ «በትልቁ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ፋርማሲስት፣ የኦርጋኒስታችንን ልጅ ሊያገባ ነው። ዜናውን ያመጣችው ሙሽራዋ ናት። ከባድ ምክንያት ስላለ ሦስቱንም ጥሪ ዛሬ እጠራለሁ። አንደኛ። እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር።»

ከላይ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ወረደ። ኦርጋኒስቱ በሁለት ክርናቸው ኦርጋኑ ላይ ወድቀው ነበር።

አባ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ተቃውሞ በቃል ነው» አሉ። «ሁለተኛ። እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር።»

ከሰገነቱ የሚያወርደው ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ መጮኽ ጀመረ። ኳ። ኳ። ኦርጋኒስቱ እንደሚመቱት ነው የሚራመዱት። ሕዝቡ አንገቱን ወደ ደረጃው በር አዞረ። ኳ። «ይወድቁ ይሆን?» አለ አንድ ሰው። «እሳቸው? ለመውደቅ ፍጥነት ያስፈልጋል» አለች ማስቲካ። አባ ሦስተኛውን መጥራት ይችሉ ነበር፤ ግን መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ፍሬኑ መንበርከኪያውን በቀኝ እግሩ እስከ ወለሉ ድረስ ተጭኖ ነበር፤ እንጨቱ ተንጣጣ። ከፊት ፋርማሲስቷ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ እግሩን አየች። አነሣው።

በሩ ተከፈተ። ኦርጋኒስቱ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ክራባታቸው ወደ ጆሯቸው ዞሮ ወጡ።

«እቃወማለሁ!»

«ምክንያት?» አሉ አባ።

«ዜና የለውም!»

 አባ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡ።

«ታዲያ አሁን ያነበብኩት ምንድን ነው?»

   ሳቁ መጀመሪያ ከኋላ፣ ከማስቲካ ነው የተነሣው፤ ከዚያ ረድፍ ረድፉን እየያዘ ወደ ፊት ሄደ፤ የጳጳሱ ወጥ ቤት ጋ ሲደርስ አግዳሚ ወንበሩ አብሮ ሳቀ።

«ይሄማ...» አሉ ኦርጋኒስቱ፣ «ይሄማ ከእኔው ቤት የተወሰደ ዜና ነው!»

«አባዬ» አለች ልጃቸው፣ ተነሥታ። «የማንኛችሁም ይሁን፣ አንድ ብቻ አምጡ ብለው አልነበረም? ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልወደቀ ሠርጉ ላይ ተነሥቼ እመታለሁ ብለው አልነበረም? ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ።»

«ሦስተኛው አልተጠራም» አሉ። ድምፃቸው ግን ወርዶ ነበር።

«ትክክል ነው» አሉ አባ። መነጽራቸውን አደረጉ። «ሦስተኛ። እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር።»

ኦርጋኒስቱ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሕዝቡን፣ ከዚያ ከኋላ አንገቱን የደፋውን ልጅ አዩ። ፍሬኑ ይህን ጊዜ ቀና አለ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሰው እያየው ቀና ብሎ አያውቅም። ጆሮው ቀላ፤ ግን ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አላነሣም።

ኦርጋኒስቱ ክራባታቸውን ከጆሯቸው ወደ ቦታው መለሱ።

«ይህ የሕግ ጨዋታ ነው» አሉ። «ግን እኔ ቃሌን አልበላም።»

«ዜናው አልወደቀም» አሉ አባ። «የመዝጊያውን መዝሙር እባክዎን። ፈጠን ያለውን።»

ኦርጋኒስቱ ወደ ደረጃው ዞሩ፣ ወደ ላይ ተመለከቱና ቆሙ። ጉልበታቸው ለዛሬ የነበረውን ሁሉ ሲወርዱ ጨርሶ ነበር።

«ና እንጂ ታዲያ!» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ቆመህ ታየኛለህ? ደግፈኝ።»

ፍሬኑ በሰው ጉልበት መሀል ተሹለክልኮ ደረሰ። ክንዳቸውን ያዘ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ሕዝቡ ግን ደረጃው ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ቀስ በል፣ አንተ!»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በላይ ቀስ ማለት እኔ አልችልበትም።»

 በረዶ «ጨረሰው በቃ፣ ሠርጉ ቀረ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከደረጃው ውስጥ አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ኦርጋኒስቱ ሲስቁ የሰማ ሰው ስላልነበረ፣ ብዙው ሰው የታመሙ መስሎት ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ ተጋቡ። ኦርጋኒስቱ ቃላቸውን ጠብቀው መቱ፤ ሙሽራዋ መሠዊያው ጋ ስትደርስ እንግዶቹ መቆም ደክሟቸው ተቀምጠው ነበር። ሐሳቧን አልለወጠችም። የማሠልጠኛው ባለቤት ሚስት ጸጉራቸውን ማስቲካ ዘንድ ተሠርተው መጡ። የጳጳሱ ፍሪጅ አልተሠራም። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱም ዜና አልነበራቸውም፤ ከሕሙማንና ከመንገደኞች ቀጥሎ ተጸለየላቸው።